ዕጩ መምህሩ በሕፃናት ፊት ጸንቶ እንዲቆም ሰበካችን ምን ያድርግ?

በባሕር ዳር ለሰበካ ጉባኤያት ተወካዮችና ለአገልጋይ ካህናት የቀረበ ንግግር

በስመ አብ ወወልድ ወመንፈስ ቅዱስ አሐዱ አምላክ አሜን።



በመምህራን ሥልጠና ሥራ የተሰማራን እኛ በፊታችሁ ቆመን እንድንናገር ስለ ፈቀዳችሁልን አስቀድመን ምስጋናችንን እናቀርባለን። የመጣንበት ጉዳይ አንድ ነው። ነገ በየትምህርት ቤቱ ሕፃናትን የሚረከቡት ዕጩ መምህራን፣ ልዩ ልዩ ሕፃናት በተሰበሰቡበት ክፍል ውስጥ ሳይፈሩ፣ ሳይሸሹና ሳይቆጡ ማስተማር እንዲችሉ ሰበካችን ምን ሊያደርግ ይችላል? መልሳችንን ከወዲሁ እንናገራለን። በራስ መተማመን በምስክር ወረቀት አይሰጥም፤ በምክር ብቻም አይገኝም። ልምድ ያለው ሰው በአጠገብ ተቀምጦ፣ ዕጩው አንድን ሕፃን አስተምሮ፣ ያ ያልቻለው ሕፃን ሲችል በዐይኑ ሲያይ ነው የሚገኘው። ለዚህ የሚያስፈልጉት ሦስት ነገሮች፣ ማለትም ቦታ፣ አረጋዊ መምህርና ቤተ ሰብን የሚያውቅ ሰው፣ በሰበካችን አሉ።

እ.ኤ.አ. በ1972 ዓ.ም. ሁለት ነገሮች ተመሥርተዋል። አንዱ የቤተ ክርስቲያናችን የልማትና ክርስቲያናዊ ተራድኦ ኮሚሽን ነው። ሁለተኛው በዚህችው በባሕር ዳር፣ በኢትዮጵያ መንግሥት፣ በዩኔስኮና በተባበሩት መንግሥታት የልማት ፕሮግራም ስምምነት የተቋቋመው የፔዳጎጂ አካዳሚ ነው። አካዳሚው ኋላ የመምህራን ኮሌጅ ተብሎ፣ ከፖሊ ቴክኒክ ተቋሙ ጋር ተዋሕዶ የባሕር ዳር ዩኒቨርሲቲ ሆነ። ሁለቱ በአንድ ዓመት መመሥረታቸው አጋጣሚ ነው። የሚያገለግሉት ግን ያንኑ ሕዝብ ስለ ሆነ፣ ሥራቸው የሚገናኝበትን ስፍራ መፈለግ ተገቢ ነው እንላለን።

ዕጩው መምህር የሚገጥመው ክፍል

ዕጩ መምህራን ትምህርታቸውን ከመጨረሳቸው በፊት ለተግባር ልምምድ ወደ አንደኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶች ይላካሉ። ብዙዎቹ በሃያዎቹ ዕድሜ መጀመሪያ ላይ ያሉ፣ አንዳንዶቹም ከዚያ ያነሱ ወጣቶች ናቸው። በአገራችን መለኪያ በአንድ የአንደኛ ደረጃ ክፍል ውስጥ ይኖራል የሚባለው 50 ተማሪ ነው፤ ብዙ ጊዜ ግን ቁጥሩ ከዚያ ያልፋል። ወጣቱን ይበልጥ የሚያስፈራው ደግሞ የሕፃናቱ መብዛት ሳይሆን አንዱ ከሌላው መለየቱ ነው።

በጣና ዳር ያለ አንድ ክፍል ምን ዓይነት ልጆችን እንደሚይዝ እናስብ። ንጋት ላይ ከአባቱ ጋር መረብ ሲጎትት ቆይቶ የመጣ የዓሣ አስጋሪ ልጅ አለ። በዘጌ የቡና ለቀማ ሲደርስ ከትምህርት የምትቀር ልጅ አለች። ከአዊ አካባቢ ወደ ከተማ መጥቶ በቤቱ አገውኛ የሚናገር፣ አማርኛን ገና የሚለምድ ሕፃን አለ። ከጥንት ጀምሮ ከሐይቁ ጋር የኖሩት፣ ታንኳን ከደንገል በመሥራት የሚታወቁት የነገደ ወይጦ ልጆች አሉ። በክልላችን በደረሰው ግጭት ትምህርት ቤት ተዘግቶባቸው፣ ወይም ከቀያቸው ተፈናቅለው፣ ዓመታት ካለፉ በኋላ ከታናናሾቻቸው ጋር በአንድ ወንበር የተቀመጡ አሉ። በደንብ የማይሰማ፣ በደንብ የማያይ፣ ንግግሩ የሚይዘውም አለ።

በዚህ ላይ የአካባቢያችን ሕመም ይጨመራል። የብልሃርዚያ በሽታ በጣና ዳር ባሉ ተማሪዎች ዘንድ መኖሩ በጥናት የታወቀ ነው፤ በትራኮማም ክልላችን በዓለም ክፉኛ ከተጠቁት ስፍራዎች አንዱ ነው። ሆዱን የሚያመው ወይም ዐይኑ የሚያነባ ሕፃን ፈዝዞ ቢቀመጥ፣ ያልተረዳ መምህር ሰነፍ ይለዋል።

የፈራ ወጣት በእንዲህ ያለው ክፍል ውስጥ የሚያደርገውን እኛ ደጋግመን አይተናል። ፊቱን ወደ ሰሌዳው አዙሮ ይጽፋል፤ ሕፃናቱን በኅብረት ያስጮኻል፤ እጃቸውን የሚያወጡትን የፊት ረድፍ ልጆች ብቻ ይጠይቃል፤ ሁከት ሲበዛ አለንጋ ያነሣል። አራቱም ከፍርሃት መሸሸጊያዎች ናቸው። ክፍሉ ከውጭ ሲታይ ሥርዐት ያለው ይመስላል፤ የኋላው ረድፍ ግን ከትምህርቱ ወጥቷል። እ.ኤ.አ. በ2010 ዓ.ም. በአገራችን በተደረገ የመጀመሪያ ክፍሎች የንባብ ምዘና፣ ከተመዘኑት የሁለተኛ ክፍል ተማሪዎች 34 በመቶ የሚሆኑት ከቀረበላቸው ምንባብ አንዲት ቃል እንኳ ማንበብ አልቻሉም። ለዚህ ምክንያቱ አንድ ብቻ አይደለም፤ መጻሕፍት ማነሳቸውና የክፍል መጨናነቁም ድርሻ አላቸው። ይሁን እንጂ ሁለት ዓመት ሙሉ ማንም ለብቻው ሳይጠይቀው የኖረ ሕፃን ከእነዚህ መካከል እንደሚገኝ አንጠራጠርም።

ከዛፉ ሥር ማን ይቀመጥ?

የቅዱስ ያሬድን ታሪክ ሁላችሁም ታውቃላችሁ። ትምህርት አልገባው ብሎ፣ ከመምህሩ ከአባ ጌዴዎን ተቀጥቶ ሲሸሽ፣ ከዛፍ ሥር ተቀምጦ አንድ ትል ግንዱን ለመውጣት ደጋግሞ ሲወድቅና በመጨረሻ ሲሳካለት አየ፤ ተጽናንቶም ወደ መምህሩ ተመለሰ። ይህን ታሪክ ዘወትር ለተማሪ እንነግረዋለን፤ «አንተም ተስፋ አትቁረጥ» ለማለት። ዛሬ ግን ለመምህሩም እንድንነግረው እንጠይቃለን። ማስተማርም እንደ ዛፍ የሚወጣ ነገር ነውና። ዕጩው መምህር በመጀመሪያው ቀን ይወድቃል፤ በሁለተኛውም ይወድቃል። ጥያቄው ሲወድቅ ማን ያየዋል፣ ምንስ ይለዋል የሚለው ነው። ሃምሳ ሕፃናት ብቻ ካዩት ያፍራል፤ ያፈረም መምህር ወደ አለንጋው ይሄዳል። አንድ አስተዋይ አረጋዊ ካየው ግን ውድቀቱ ትምህርት ይሆንለታል።

ዘመናዊው የሥነ ልቡና ጥናትም ከዚሁ ጋር ይስማማል። አልበርት ባንዱራ የተባለው ሊቅ እ.ኤ.አ. በ1977 ዓ.ም. ባወጣው ጽሑፍ፣ ሰው «ይህን ሥራ እችላለሁ» የሚል እምነት የሚያገኝባቸውን አራት ምንጮች ዘርዝሯል። የመጀመሪያውና ብርቱው ራሱ ሠርቶ መሳካቱን ማየቱ ነው። ሁለተኛው እንደ እርሱ ያለ ሌላ ሰው ሲሳካለት ማየቱ ነው። ሦስተኛው ከሚያምነው ሰው የሚሰማው የሚያበረታ ቃል ነው። አራተኛው የገዛ አካሉና ስሜቱ ሁኔታ ነው፤ የተራበ፣ እንቅልፍ ያጣ፣ ልቡ የሚመታበት ሰው ራሱን አይችልም ብሎ ይገምታልና። እኛ ብዙ ጊዜ ሦስተኛውን ብቻ እናደርጋለን፤ «አይዞህ፣ በርታ» እንላለን። ቃል ግን ሥራ ካልተከተለው ቶሎ ይረሳል።

በእጃችን ያለው ሀብት

አባቶቻችን ባቆዩልን የአብነት ትምህርት ቤት ውስጥ እነዚህ ነገሮች ከጥንት ጀምሮ አሉ። በአንዱ የየኔታ ግቢ አንዱ ልጅ ፊደል ይቆጥራል፤ ሌላው መልእክተ ዮሐንስን ያነባል፤ ሦስተኛው ዳዊት ይደግማል። ሁሉም በየደረጃው ይሄዳል እንጂ አንዱ ሌላውን እንዲጠብቅ ወይም እንዲያሳድድ አይገደድም። ዛሬ በኮሌጆች «ልዩነትን ያገናዘበ ማስተማር» እያልን ብዙ ሰዓት የምናስተምረው ይህንኑ ነው።

ከዚህም ይልቅ የሚደንቀው አብነቱ መምህርን የሚያፈራበት መንገድ ነው። ትልቁ ተማሪ ትንሹን ያስቀጽላል። በዋሸራም ሆነ በጎንጅ የቅኔ ቤት ሥርዐት አስነጋሪው ከመምህሩ በታች ሆኖ የተማሪዎቹን ቅኔ ይሰማል፤ ያርማል። የከበደውን ወደ መምህሩ ያደርሳል። እርሱ ራሱ መምህር ለመባል ሲደርስ ስንት ዓመት ሙሉ አስተምሯል! በፍርሃት የሚጀምርበት የመጀመሪያ ቀን የለውም፤ ማስተማርን በጥቂት በጥቂቱ ለምዶታልና። በርካታ ዐይነ ስውራንም በዚሁ ሥርዐት በቃልና በጆሮ ተምረው ለመምህርነት እንደ በቁ እናንተ ከእኛ ይልቅ ታውቃላችሁ።

ይህን ስንል ሁሉ እንዳለ ይቀጥል ማለታችን አይደለም። አለንጋውና ቁንጥጫው በዕውቀት ፍለጋ የመጣውን ሕፃን ስንት ጊዜ አሽሽቶታል? ሴቶች ልጆችስ በዚያ ግቢ ምን ያህል ስፍራ አገኙ? የሚጠቅመውን ይዘን የሚጎዳውን መተው የእኛ የዚህ ዘመን ሰዎች ኃላፊነት ነው።

ስምንት ሕፃናትና ሁለት ዕጩ መምህራን

ያሰብነው አሠራር ቀላል ነው። በሳምንት ሁለት ቀን ከትምህርት ሰዓት በኋላ በሰበካው አዳራሽ ስምንት ሕፃናት ይሰበሰባሉ። ሁለት ዕጩ መምህራን ይመደባሉ። አንዱ ለዐሥር ደቂቃ ያስተምራል፤ ሌላው እያንዳንዱ ሕፃን ስንት ጊዜ እንደ ተናገረ በወረቀት ላይ ምልክት ያደርጋል። አንድ ልምድ ያለው ሰው፣ የኔታ ወይም ጡረታ የወጣ መምህር፣ በጥግ ተቀምጦ ያያል።

ለምሳሌ የዕለቱ ትምህርት የ«በ» ቤት ነው እንበል። ሕፃናቱ «በ፣ ቡ፣ ቢ፣ ባ» እያሉ እስከ «ቦ» በዜማ ይወርዱታል። መምህሩ «ቡ»ን፣ «ባ»ን ወይም «ቤ»ን ብቻዋን ነጥሎ ሲጽፋት ግን ሦስቱ ዝም ይላሉ። የፈራ ወጣት እዚህ ላይ ዜማውን እንደገና ያስጀምራል። የሠለጠነው ግን ዝም ያሉትን ሦስቱን ወደ አጠገቡ ያቀርባል። ለዘጌው ልጅ «ቡና» ብሎ፣ ለሐይቅ ዳሩ «ባሕር» ብሎ፣ ለሁሉም «ቤት» ብሎ ፊደሏን ከሚያውቋት ቃል ውስጥ ያወጣላቸዋል። በአሸዋ ላይ በጣታቸው እንዲጽፏት፣ በጭቃ እንዲያበጇት ያደርጋል።

ዐሥሩ ደቂቃ ሲያልቅ ሕፃናቱ ወደ ጨዋታ ይወጣሉ። አረጋዊው በመጀመሪያ መልካም የሆነውን አንድ ነገር፣ ቀጥሎ መለወጥ ያለበትን አንድ ነገር ብቻ ይናገራል። ጓደኛው ወረቀቱን ያሳያል፤ «ይህች ልጅ አንድ ጊዜም አልተናገረችም» ይለዋል። በማግሥቱ ያው ትምህርት ለሌሎች ስምንት ሕፃናት ተሻሽሎ ይሰጣል። በዓለም የመምህራን ማሠልጠኛዎች ይህን የመሰለ አጭር የማስተማር ልምምድ እ.ኤ.አ. ከ1960ዎቹ መጀመሪያ ጀምሮ በአሜሪካው የስታንፎርድ ዩኒቨርሲቲ ተሞክሮ የተስፋፋ ነው። ለእኛ ግን ከአስነጋሪው ሥርዐት የሚቀርብ እንጂ የራቀ አይደለም።

ዕጩው ከዚህ የሚያገኘው ትልቁ ነገር ስለ ሕፃናት «ዓይነት» ያለው ፍርሃት መጥፋቱ ነው። «ለማይሰማ ልጅ ምን አደርጋለሁ?» እያለ የሚጨነቅ ወጣት፣ ከአንድ በደንብ ከማይሰማ ልጅ ጋር አንድ ወር ሲቀመጥ ጥቂት ነገሮች ትልቅ ለውጥ እንደሚያመጡ ያያል። ልጁን ከፊት ማስቀመጥ፣ ብርሃን በመምህሩ ፊት ላይ እንዲወድቅ መቆም፣ ወደ ሰሌዳ ዞሮ አለመናገር፣ በእጅ ምልክት ማገዝ። በደንብ ለማያይ ልጅ ፊደሉን አግዝፎ በነጭ ላይ በጥቁር መጻፍ፤ ፈጽሞ ለማያይ ደግሞ ከእንጨት የተቀረጸ ፊደል በእጁ ማስዳሰስና ወደ ብሬይል ትምህርት የሚደርስበትን መንገድ መፈለግ። አገውኛ ተናጋሪው ሕፃን አሳብ አላጣም፤ ቃል ነው ያጠረው። በመጀመሪያ በራሱ ቋንቋ እንዲመልስ፣ ቋንቋውን የሚያውቅ ጓደኛው እንዲያግዘው መፍቀድ ይበቃል። በአዊ ዞን ትምህርት ቤቶች በዚሁ ቋንቋ የሚሰጠው ትምህርት ራሱ ቋንቋው ለዕውቀት እንደሚበቃ ይመሰክራል። ዕድሜው ለገፋው ልጅ ታናናሾቹን የሚያግዝበትን ኃላፊነት መስጠት ከኀፍረቱ ያወጣዋል። ሆዱን ለሚያመው ግን የማስተማር ጥበብ አይረዳውም፤ ወደ ጤና ኬላ መላክ ያስፈልገዋል።

የምንለምናችሁ

አባቶቻችንና ወንድሞቻችን፤ ከየሰበካችሁ አምስት ነገሮችን እንለምናለን።

አንደኛ፣ ቦታ። የሰንበት ትምህርት ቤት አዳራሾች በሥራ ቀናት ብዙ ሰዓት ባዶ ይሆናሉ። በሳምንት ሁለት ከሰዓት በኋላ ክፈቱልን። በሩ ክፍት ሆኖ፣ ከሁለት ዐዋቂዎች ያላነሱ ተገኝተው፣ ማንም ሕፃን ከአንድ ዐዋቂ ጋር ለብቻው እንዳይቀር ተደርጎ ይሁን።

ሁለተኛ፣ ሰው። ትዕግሥት ያለውን፣ የማይቆጣውን፣ ማዳመጥ የሚችለውን አረጋዊ መምህር ምረጡልን። ሥልጣን ያለውን ሳይሆን ልምድ ያለውን። እርሱም በዚያ አዳራሽ አለንጋ እንደማይነሣ ያረጋግጥልን።

ሦስተኛ፣ የንስሐ አባቶችን ድምፅ። ከካህን በቀር የማይገባባቸው ቤቶች አሉ። የአካል ጉዳት ያለበትን ልጅ ከጎረቤት ደብቆ የሚያኖር ወላጅ ዛሬም አለ። የምስጢር ኃላፊነታችሁ እንደ ተጠበቀ፣ እንዲህ ያለውን ወላጅ «ልጅህን አውጣ፤ ይማር» በሉልን። ጆሮው የማይሰማ ሕፃን ጠበል ሲመላለስ ስንት የትምህርት ዓመት ያልፈዋል! ጠበሉና ትምህርቱ አይጣሉም። ጠዋት የተጠመቀ ልጅ ከሰዓት በኋላ ፊደል ቢቆጥር እምነቱ አይጎድልም። ይህን ቃል ከእኛ ይልቅ ከእናንተ ሲሰሙት ይቀበሉታል።

አራተኛ፣ ማረፊያ። ለልምምድ ወደ ሐይቁ ዳር ቀበሌዎች የምትላክ ወጣት ሴት የምታድርበት የታመነ ቤት ካላገኘች ልቧ ከትምህርቱ ላይ አይሆንም። ቀደም ሲል የጠቀስነው አራተኛው ምንጭ ይህ ነው። ለቆሎ ተማሪ ቁራሽ የማይነፍግ ሕዝብ ለነገው መምህር አንድ ክፍልና አንድ ማዕድ አያጣም።

አምስተኛ፣ ክፍት በር። ወደ አዳራሹ የሚመጡት ሕፃናት ሁሉ የሰበካችን ልጆች አይሆኑም። የሙስሊም ጎረቤቶቻችን ልጆች፣ የነገደ ወይጦ ልጆችም ይመጣሉ። አንዳንድ ምእመናን «በእኛ ገንዘብ በተሠራ አዳራሽ ለምን?» ብለው ይጠይቁ ይሆናል። ጥያቄው ንቀት የለበትምና በትሕትና እንመልስ። ዕጩው መምህር ነገ የሚረከበው ክፍል የሁሉም ልጆች ክፍል ነው፤ በአንድ ዓይነት ልጆች ፊት ብቻ የተለማመደ ሌላውን ሲያይ ተመልሶ ይፈራል። ለወላጆቻቸውም የሚሰጠው የንባብ ትምህርት እንጂ የሃይማኖት ትምህርት እንዳልሆነ አስቀድሞ በግልጽ ይነገራቸው፤ የተነገረውም ይጠበቅ። የነገደ ወይጦ ልጆችን በሚመለከት ደግሞ፣ ወላጆቻቸው ለረጅም ዘመን በማዕድም በጋብቻም ተገልለው መኖራቸውን ሁላችን እናውቃለን። ያንን የመገለል ግንብ ለማፍረስ ልጆቻቸው ከልጆቻችን ጋር በአንድ ምንጣፍ ላይ ተቀምጠው ፊደል ከመቁጠር የተሻለ መጀመሪያ አናውቅም። ጌታችንም ሕፃናትን የከለከሉትን ደቀ መዛሙርት ገሥጾ ሕፃናቱን አቅርቦ ሲባርክ፣ የማን ልጆች እንደ ሆኑ አልጠየቀም።

የማንችለውን ደግሞ እንወቅ

ይህ ሁሉ ቢደረግ የክፍሉ ብዛት አይቀንስም፤ የመምህሩ ደመወዝ አይጨምርም፤ የተዘጋውን ትምህርት ቤት ሁሉ አያስከፍትም። እነዚህ የመንግሥትና የሰላም ጉዳዮች ናቸው። ሰበካ የትምህርት ቢሮን ሥራ ሊሸከም አይገባውም። በስምንት ሕፃናት ፊት የተለማመደ ወጣትም በሃምሳዎቹ ፊት ሲቆም እንደገና ይንቀጠቀጥ ይሆናል። ነገር ግን ከእነዚያ ከሃምሳው መካከል ዝም ያለችውን ልጅ መፈለግን ለምዷል። እንዴት እንደሚጠይቃት፣ ባትመልስ ምን እንደሚያደርግ ያውቃል። አንድ ጊዜ ተሳክቶለት አይቷልና ሁለተኛም እንደሚሳካለት ያምናል። አለንጋውንም አይፈልገውም።

ሥራው በትንሹ ይጀመር። በአንድ ሰበካ፣ በሁለት ዕጩ መምህራንና በስምንት ሕፃናት መጀመር ይቻላል። የሚቀጥለው የክረምት ዕረፍት ከመድረሱ በፊት ፈቃደኛ የሆናችሁ ሰበካዎች ጉዳዩን በጉባኤያችሁ ተነጋግራችሁበት አዳራሹን፣ ቀኑንና የሚቀመጠውን አረጋዊ ወስኑ። የቀረውን እኛ ዕጩዎቻችንን ይዘን መጥተን ከእናንተ ጋር እንሠራለን።



ወስብሐት ለእግዚአብሔር፤ ወለወላዲቱ ድንግል፤ ወለመስቀሉ ክቡር።